«ኢንዱስትሪ ነህ» ያሉኝ ሰው

እንኳን ደህና መጡ ሐጂ! ይግቡ፣ ይግቡ… ጉሙ አያስደንግጥዎ፤ እንጅባራ እንዲህ ናት፣ እንግዳ ሲመጣባት ፊቷን ትሸፍናለች። ዳንግላ እንዴት ናት? ወይዘሮ ዘይነባስ? ሱቁስ? እሰይ፣ ተመስገን። በዚህኛው ወንበር ይቀመጡ፤ የዚያኛው ቀርከሃ ገና እርጥብ ነው፣ ሰው ሲቀመጥበት ያቃስታል። በሚኒባስ ነው የመጡ? ያውም ሹፌሩ አጠገብ? ታድለዋል። እኔ ሁሌም ከኋላ፣ ከጎማው ላይ ነኝ… ዕድሌም እንደዚያው ሲያንገጫግጨኝ ይኖራል።

ወንበር ለማዘዝ አይደለም የመጡት? ገባኝ። ዳንግላ ያለውን መጋዘንዎን የጠየቁዎት ሰው ከእኔ ጋር ሠርተው ነበር አይደል? «አዝመራው፣ እንዴት ያሉ ሰው ናቸው?» ሊሉኝ ነው። ኧረ በጣም ጥሩ ሰው! ስማቸውን ግን አልጠራም፤ በሩቁ ያስነጥሳቸዋል። አንድ ክፍል ነው የተማርን። ድሮ «አንተ» ነበር የምላቸው። አሁን «እርስዎ» ነው የምላቸው፤ ምን ላድርግ፣ የእኔንም ክብር ይዘውት ስለሄዱ ለብቻቸው ሁለት ሰው ሆነዋል።

እንደገና የተገናኘነው በስብሰባ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት የከተማው ነጋዴ ሁሉ አዳራሽ ተጠርቶ፣ እሳቸው ስለ ግሉ ዘርፍ የወደፊት ተስፋ ንግግር አደረጉ። አፍ ነው ሐጂ? ማር ነው እንጂ! ግብርናው ብሩህ ነው አሉ። ግንባታው ብሩህ ነው። ዘንገና ሐይቅ ዳር ሎጅ ይቆማል፣ ቱሪዝሙ እጅግ ብሩህ ነው። «ማኑፋክቸሪንጉ ደግሞ…» ሲሉ መብራት ጠፋ። እሳቸው ግን ምን ገዷቸው፣ በዚያ ድቅድቅ ውስጥ «ብሩህ ነው!» ብለው ጨረሱት። እኛም በጨለማው አጨበጨብን። ከሁሉ አብልጬ ያጨበጨብኩ እኔ ነኝ፤ በማግሥቱ ቢላዋ መያዝ አቅቶኝ ዋለ። ሰው በገዛ እጁ ይጎዳል ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር…

ስንወጣ ትከሻዬን ያዝ አደረጉና፣ «አዝመራው፣ አንተ እኮ ወንበር ሠሪ አይደለህም። ኢንዱስትሪ ነህ!» አሉኝ። እስቲ ይዩኝ ሐጂ፣ የቱ ጋ ነው ኢንዱስትሪው? ጭስ እንኳ የለኝም! እኔ ግን አመንኩ። ቤት ሄጄ ለፋና፣ «ኢንዱስትሪ ነህ ተባልኩ» ብላት፣ ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝና፣ «እንግዲያው ኢንዱስትሪው፣ ጫማህን አውልቀህ ግባ፤ ወለሉን አሁን ነው የወለወልኩት» አለችኝ። ያኔ እሷን ብሰማ ኖሮ… ግን ሚስቱን የሚሰማ ሰው መቼ ኢንዱስትሪ ሆኖ ያውቃል?

ሐሳባቸው ግሩም ነበር። የጥሊሊን ድንች በስሱ ቆርጦ፣ ጠብሶ፣ በሚያብረቀርቅ ከረጢት አሽጎ ቺፕስ ብሎ ባሕር ዳር መሸጥ። ሽርክናው እኩል ለእኩል፦ ከእኔ ቤቱ፣ ማሽኑና ጉልበቱ፤ ከእሳቸው ራዕዩ። ራዕይ እኮ ከባድ ነው! ብቻቸውን ስለማይችሉት እኔ ጀርባ ላይ ነበር የሚያሳርፉት። ማሽኑን የገዛነው የቀርከሃ መሥሪያ ዕቃዬንና ፋና ከእናቷ የወረሰችውን ቦታ ሸጠን ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? እኛ ሁለት ስለሆንን ተካፈልነው፤ ሸክሙ ለእኔ፣ ጌጡ ለእሳቸው።

አልዋሽም፣ ሲጀመር ይጥም ነበር። ከዚያ መብራቱ መጥፋት አበዛ። ዘይት ተወደደ። መንገድ ተዘጋ ተባለና ከረጢቱ ቀረ። ኔትወርክ ባገኘሁ ቁጥር እደውላለሁ፤ እሳቸውም ሳይሰለቹ፣ «ይሄ የአጭር ጊዜ ፈተና ነው፤ ረጅሙ ጊዜ ብሩህ ነው» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው… ያጠረው የእኔ ዕድሜ እንጂ ጊዜውማ ረጅም ነው። «ድንቹን እንዳታስቆም፣ ገበሬው ያምጣ» አሉ። አመጣ። ይሄነው የሚባል የጥሊሊ ገበሬ ቃሌን አምኖ፣ ጎረቤቶቹን አስተባብሮ፣ በጋሪ በጋሪ አራገፈልኝ። መብራት ግን የለም። ድንቹ እንደተከመረ በቀለ። ሰው እርሻ ነበረው ፋብሪካ ከፈተ ሲባል ሰምተዋል፤ ፋብሪካ ከፍቶ እርሻ የሆነለት እኔን ብቻ ነው የሚያዩት! ለካ ግብርናው ብሩህ ነው ያሉት ይሄንን ኖሯል።

ገበሬዎቹ ለድንቻቸው ገንዘብ የሚመጡ ዕለት ማለዳ፣ እሳቸው ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄዱ። ሥልጠናው ስለ ሽርክና ነው አሉ። ትጋታቸውን አዩልኝ? በተግባር የጨረሱትን እንኳ ደግመው ይማራሉ! በዚያው ማሽኑን «ላስጠግነው» ብለው አስጫኑት። ሳይበላሽ የሚያስጠግን ሰው ከየት ይገኛል? ገመዱን ያጠበቅሁላቸው ራሴ ነኝ፤ መንገድ ላይ እንዳይንገጫገጭባቸው ብዬ።

ከሰዓት ይሄነው መጥቶ ደጃፌ ላይ ቆመ። አልጮኸም። «አዝመራው፣ እኔ ሰውዬውን አላውቃቸውም። አንተን ነው የማውቅ» አለኝ። ይኸው ነው ያለኝ። ሄድኩና ዳማ ፈረሴን ፈትቼ ልጓሙን እጁ ላይ አኖርኩት። ለጎረቤቶቹ በድንቹ ዋጋ ፈንታ እሱ ከጎተራው አካፈላቸው። ከውርንጭላነቱ ጀምሬ ያሳደግሁት ፈረስ ነበር ሐጂ… ፋና ጓዳ ገብታ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፤ «ሽንኩርት ነው» አለች። በቤታችን ሽንኩርት አልነበረም፤ ድንች ብቻ ነበር።

ጥር ላይ የፈረሰኞቹ በዓል ሆነ። ይሄነው ዳማዬን አስጊጦት መጣ፤ እኔ እግረኛው ከተመልካች ጋር ቆሜያለሁ። ፈረሱ እኔ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። አፍንጫውን ደረቴ ላይ አስደግፎ፣ ይሄነው እስኪያፍር ድረስ ንቅንቅ አልልም አለ። እሳቸው ደግሞ ከክብር እንግዶቹ ድንኳን ውስጥ «አርአያ ባለሀብት» ተብለው ጋቢ ሲደረብላቸው አየሁ። እጄን አውለበለብኩላቸው። ዓይን ለዓይንም ገጠምን… ፀሐይ ወግቷቸው መሰለኝ፣ ዞር አሉ። ፈረሱ ግን አወቀኝ። ፈረስ ምን ይደረግ፣ አልተማረ!

ታዲያ እኔም በተዋስኩት ቢላዋ ወደ ቀርከሃዬ ተመለስኩ። ይኸው አሁን ሰው የሚቀመጥበት እየሠራሁ ነው፤ ከሚቀመጥብኝ ይሻላል ብዬ።

ለእርስዎስ ምን ብለው ጀመሩልዎ? «ሐጂ፣ እርስዎ እኮ ነጋዴ አይደሉም…» ብለው? ገመትኩ። ማሽን አለኝ፣ የጎደለኝ ቦታ ብቻ ነው አሉ? ቀይ ነው ማሽኑ? ጎኑ ላይ በሚስማር የተጫረ መስቀል አለበት? እሱን ፋና ናት የጫረችው፣ ለበረከት ብላ… እሰይ! ይህን ሁሉ ጊዜ ጥገና ላይ የከረመ ማሽን ድኖ ዳንግላ መድረሱን መስማት እንዴት ደስ ይላል! ሲያዩት ሰላም ይበሉልኝ።

መጋዘኑን ይስጧቸው፣ አይስጧቸው አልልም። እኔ መካሪ ነኝ? ኢንዱስትሪ ሆኜ ድንች ያበቀልኩ ሰው! ብቻ ከሰጧቸው፣ ቁልፉን ሲያስረክቡ መጋዘንዎን ዞር ብለው በደንብ ይዩት፤ በኋላ ይናፍቅዎታል።

ተነሡ እንዴ? ሲገናኙ ቂም እንደሌለኝ ይንገሯቸው። ከፋና ጋር ስንጸልይም እሳቸውን ረስተናቸው አናውቅም። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ቤታቸው ይሙላ። ልጆቻቸውን ለቁም ነገር ያብቃላቸው፤ እንደ እኔ ልበ ቅን፣ የተነገራቸውን አማኝ ያድርጋቸው። ለሥራ የደረሱ ዕለትም… እግዜር ልክ አባታቸውን የመሰለ ሸሪክ ይስጣቸው። አሜን ይበሉ እንጂ ሐጂ!