ከመስታወቱ በላይ የተሰቀለው የዘፋኞች ደረጃ

ዝናብ ይባረክ! ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ዶፍ ባይወርድ ኖሮ የሙዚቃ አስተማሪዋ ወደ አጎቷ ፀጉር ቤት ሮጣ ባልገባች፣ አጎቷም ከወዳጃቸው ጋር እንደተኳረፉ በቀሩ ነበር።

ፀጉር አስተካካዩ ደግ ሰው ናቸው። የሮክ ዘመን ዘፋኞች ነገር ከተነሳ ግን ድርቅ ይላሉ። በገዛ እጃቸው ከአንደኛ እስከ አሥረኛ ደረጃ አውጥተው፣ ሰሌዳውን ከመስታወቱ በላይ ሰቅለውታል። ቴፑም የሚዘፍነው በዚሁ ተራ ነው፤ ጠዋት አንደኛው ባለጊታሩ፣ መዝጊያ ላይ አሥረኛው ድምፀ ሻካራው። የሻካራው ወዳድ የሆኑት ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ሰሌዳውን ያዩ ቀን፣ «እኔንም አሥረኛ አደረግኸኝ!» ብለው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ደጃፉን አልረገጡም።

«ጋሼ፣ አሁንም አልታረቃችሁም?» አለች አስተማሪዋ ፀጉሯን እያደረቀች።

«ያኮረፈው እሱ! እኔ ለወዳጅ ብዬ እውነት ልሽር?» አሉ፣ ወንበሩ ላይ ለተቀመጠው ዘበኛ ፊቱን በሳሙና አረፋ እየቀቡ። አፋቸው እንዲህ ይበል እንጂ ሆዳቸው ባብቷል። ዳማ እንኳ ብቻቸውን ነው የሚጫወቱት። ራስን አሸንፎ ምን ደስታ አለ?

«ለመሆኑ ባለጊታሩን አንደኛ ያሉት በምን መዝነው ነው?»

«በጣቱ ነዋ! ጊታሩን ሲያናግረው አትሰሚም?»

«እውነት ብለዋል። በግጥም ብንመዝናቸውስ?»

«በግጥምማ… ሦስተኛው ይበልጣል።»

«በድምፅስ?»

«ስድስተኛዋ ናታ! ያንን ጉሮሮ ማን ይደርስበታል?»

«እንግዲህ ሦስት አንደኛ አገኘን ጋሼ። ሰውን ከወንበሩ በማስነሳትስ?»

«ጭፈራ የልጅ ነገር ነው» ብለው ወደ ቴፑ ዞሩ። «ይልቅ ልዘጋ ነው። ሻካራውን ልክፈተውና ሰው ውልቅ ብሎ ሲወጣ ታያለሽ።»

ከፈቱት። የወጣ አንድም ሰው የለም። ይልቁንም ዳቦ ጋጋሪው ዝናቡን ጥሶ ገባ፤ ሁለት ነርሶች ተከተሉት። ፊቱ በሳሙና አረፋ የተሸፈነው ዘበኛ ወንበሩ ላይ ይወዛወዝ ጀመር።

«አትነቃነቅ! ጆሮህን ልቁረጠው?»

«ጋሼ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ይሞላል?»

«ሰው ከሥራ የሚወጣበት ሰዓት ነዋ!»

«የምን መውጣት!» አለ ዘበኛው ካረፋው ውስጥ። «እኔ አሁን ነው ሥራ የምገባው። የምመጣው ለሻካራው ብዬ ነው።»

«እግርዎንም ይመልከቱት ጋሼ» አለች አስተማሪዋ።

አጎንብሰው ቢያዩ፣ ወይ ጉድ! የገዛ እግራቸው ከማንም በፊት ተነስቶ ወለሉን ይደልቃል። ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ታዲያ ደረጃ የሚባል ነገር ይቅር?»

«ለምን ይቀራል? ክርክሩ እኮ ጨዋታ ነው። ግን ደረጃ ያወጣ ሰው ሚዛኑን ይናገር። ሁሉን በጊታር መመዘን ጨርቅን በሊትር መስፈር ነው። ሚዛኑ ከታወቀ እንከራከራለን፣ ያልሰማነውን እንሰማለን፣ ማንም ተንቄያለሁ ብሎ አያኮርፍም።»

«ተረታሁ ልጄ!» አሉ። ሰሌዳውን አወረዱና ምላጫቸውን እንደያዙ በዝናቡ ወደ ጎረቤት ሮጡ። ልብስ ሰፊው ምላጩን ሲያዩ ከወንበራቸው ዘለው ተነሱ።

«ልትገድለኝ መጣህ?»

«ይቅርታ ልጠይቅህ እንጂ! በማስጨፈር ያንተን ሰው የሚያህል የለም። ና፣ ቤቱ ያላንተ ጨልሞብኛል።»

ልብስ ሰፊው ኩርፊያቸውን ትንሽ ሊያቆዩት ሞከሩ፤ አልቻሉም፤ ተቃቅፈው መጡ። አሁን በዚያ ፀጉር ቤት በጣትም፣ በግጥምም፣ በድምፅም፣ በጭፈራም የየራሱ አንደኛ አለ፤ የሚከራከር እንጂ የሚቀየም አይገኝም። በዚያ ምሽት ግን አንድ ጠብ ሳይነሳ አልቀረም።

«የሻካራውን ልድገምልህ!» አሉ ፀጉር አስተካካዩ።

«የለም፣ ያንተን ባለጊታር ክፈተው። ጠዋት ጠዋት በግድግዳው እሰማው ነበር፤ ጣትስ እሱ አለው!»

«እንግዳ ይቀድማል፣ ያንተው ይሁን!»

«ሞቼ እገኛለሁ! ያንተ ይቅደም!»

«እኔ ልሙት፣ ያንተ!»

«ኧረ እባካችሁ» አለ ዘበኛው ጢሙ ግማሹ ብቻ ተላጭቶ፣ «አንዱን ክፈቱና እንጨፍር!»