ያልተፈታው ጾም

ከንፋስ መውጫ ወደ አርብ ገበያ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ እናት በዙሪያቸው ላለነው ሁሉ ቆሎ አዘገኑንና ስለ ልጃቸው ያወሩ ጀመር። የሚመልስላቸው አጠገባቸው ያለ ጎልማሳ ነበር።

«ሁዳዴን እንደሱ አጥብቆ የጾመ አላየሁም። ከአጥሚት በቀር የቀመሰው የለም።»

«እሰይ። በፋሲካስ ገደፈ?»

«የታለና! ከዶሮው አንድ ጎርሶ ተወው። ዛሬም አጥሚት ነው።»

«በበዓለ ሃምሳ ደግሞ የምን ጾም ነው፣ እማማ?»

«ስለት ይኖርበታል ብዬ ነዋ።»

«አፉን አይተውታል?»

«ጸዋሚን ሰው አፍህን ክፈት ይባላል? ሲያዛጋ ግን ምላሱ እርጎ የተቀባ ይመስላል።»

«እንግዲያው ሲውጥ ያመዋል። ፈንገስ ሳይሆን አይቀርም። እኔንም ቫይረሱ አቅም ሲያሳጣኝ ይዞኝ ነበር።»

«የምን ቫይረስ?»

«ኤች አይ ቪ ነዋ። አሁን መድኃኒቴን እውጣለሁ፤ ይኸው ቆሎዎንም እቆረጥማለሁ። የልጅዎ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ብቻ ሐኪም ቤት ሄዶ ይመርመር።»

ሴትዮዋ የቆሎውን ከረጢት ወደሱ አስጠጉ።

«ድገም እንጂ፣ ልጄ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ለመሆኑ አመመኝ ብሎዎት አያውቅም?»

«እንዴት ብሎ ይንገረኝ? ቄሱ በሰው ፊት እየመረቁት፣ እኔ ጎረቤቱን ሁሉ ‹እንደ ልጄ ጹሙ› እያልኩ!»

አርብ ገበያ እስክንደርስ አፌ ውስጥ የቀረችውን ቆሎ ድምፅ እንዳታሰማ ቀስ ብዬ አኘክኋት።