ሳልልከው የቀረው ማርክ

የምስክሩ ስም፦ ይርጉ ሀብተ ጊዮርጊስ
ዕድሜ፦ 58
አድራሻ፦ ሬኒየር ቢች፣ ሲያትል
ሥራ፦ በአውሮፕላን ጣቢያ የመንገደኞች ረዳት፤ ቀድሞ የዩኒቨርሲቲ መምህር
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሜይ 14 ቀን 2014፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ መርማሪ ካርሰን
በአማርኛ የጻፈችው፦ አስተርጓሚ ማርያማዊት ተክለ ጻድቅ

ዛሬ የመጣሁት ማንም ጠርቶኝ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ ነው። ሰኞ ሜይ 5 ቀን ታኮማ ካለ አንድ የውሃ ምህንድስና ድርጅት ኮል አድርገው፣ ለቀድሞ ተማሪዬ ለሩምቢድዛይ ሞዮ የምስክርነት ደብዳቤ ጽፌ እንደሆነ ጠየቁኝ። «አልጻፍኩም፣ አልፈረምኩም» ብዬ ዘጋሁት። የተናገርኩት ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የተናገርኩት። በዚሁ ምክንያት ልጅቷ እዚያ ድርጅት ካገኘችው ሥራ ታግዳ፣ ሐሰተኛ ሰነድ አቀረበች ተብላ መከሰሷን ሐሙስ ዕለት ከወንድሟ ሰማሁ። ቀሪውን ግማሽ ለማስመዝገብ ነው የመጣሁት።

አገር ቤት አሥራ አንድ ዓመት ካስተማርኩ በኋላ፣ ከ2002 እስከ 2009 ዚምባብዌ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የውሃ ምህንድስና አስተምሬአለሁ። ሩምቢድዛይ ከመጨረሻዎቹ ሃያ ሦስት ተማሪዎቼ አንዷ ናት። በዚያ አገር አሠራር የመምህሩ ማርክ ብቻውን አይጸናም። ከሌላ አገር ዩኒቨርሲቲ የውጭ ፈታኝ መጥቶ የፈተና ወረቀቶቹን አይቶ መፈረም አለበት፤ እስከዚያ ድረስ ተማሪው ማርኩን አያውቅም። በ2008 ማንም አልመጣም። ገንዘቡ ዋጋ አጥቶ ተራ ወረቀት ሆኖ ነበር፣ መምህሩ በየቀኑ ይሰደዳል፣ ኮሌራም ገብቷል። የውሃ ትምህርት በምንሰጥበት ሕንፃ ውስጥ እጅ መታጠቢያ ውሃ አልነበረም። ተማሪዎቹ ግን ባልዲ ይዘው እየመጡ ተፈተኑ፤ እኔም አርሜ ጨረስኩ።

በጃንዋሪ 2009 ባለቤቴ ተናኘ ዲቪ ደርሷት ቪዛችን ሊያልፍ ቀናት ቀሩት። ፈታኝ ሲገኝ እንዲጸድቅ የማርክ መዝገቡን ለሬጅስትራር ማስረከብ ነበረብኝ። ሄጄ ቢሮው ተዘግቶ አገኘሁት። አንድ ጊዜ አንኳኳሁና ተመለስኩ፤ በማግስቱ አልሄድኩም። መዝገቡ ከራሴ ዲግሪዎች ጋር በአንድ ሻንጣ ሲያትል ገባ። ከዚህ ሆኜ በፖስታ መላክ እችል ነበር። ዛሬ ነገ ስል አምስት ዓመት ሞላኝ። ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ በኋላ እንደገና ተፈትነው ተመርቀዋል ሲባል ሰምቻለሁ። ሩምቢድዛይ ያን ጊዜ ደቡብ አፍሪካ ሰው ቤት ተቀጥራ ስለነበር አልደረሰችበትም። በአንድ የትምህርት ዓይነት፣ በእኔው፣ ዲግሪዋ ቀረ።

በኦክቶበር 2013 አውሮፕላን ጣቢያ አንዲት አሮጊት በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ ሳለ ከኋላዬ «ፕሮፍ! ፕሮፍ ይርጉ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ድምፅዋን ለየሁት። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ መግፋቴን ቀጠልኩ። የሥራ ባልደረባዬ አሕመድ፣ «አንተን ነው እንዴ ፕሮፍ የምትለው?» ሲለኝ፣ «ተሳስታ ነው» አልኩት። እሱ ግን ደግ ሰው ነውና ለልጅቷ ስልኬን ሰጣት።

ቅዳሜ ቤቴ መጣች። ሌክ ሲቲ አዛውንት እንደምትንከባከብ ነገረችን። የጠየቀችኝ ሁለት ነገር ነው፤ ትምህርቱን መጨረሷን የሚገልጽ ደብዳቤ እንድጽፍላትና ማርኳን እንድነግራት። እኔም ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ «መዝገቡ እዚያው ቀርቷል፣ ማርክሽን አላስታውስም፣ ደብዳቤም አልጽፍም» አልኳት። ሻንጣው ከተቀመጠችበት ሦስት እርምጃ በማይሞላ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። አመስግናኝ ወጣች። ማመስገኗ እስከዛሬ ያቃጥለኛል።

በሩ እንደተዘጋ ተናኘ፣ «አንተ ሰው፣ ምን ነካህ? ሻንጣው የት እንዳለ እኔ አላውቅም? የሰው ልጅ ዕድሜ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል?» አለችኝ። የዜግነት ቃለ መጠይቄ እንደቀረበ፣ የመንግሥት ሰነድ ይዘህ ወጣህ ብባል ጉድ እንደሚፈላብኝ ነገርኳት። «እሺ፣ ፍራ» አለችኝ።

መርማሪው የከለከልኩት በፍርሃት ብቻ እንደሆነ ጠይቆኝ፣ አይደለም ብያለሁ። አስተርጓሚዋ ይህን ሳታለሳልስ እንድትጽፍልኝ ለምኛለሁ። ቀንቼ ነው። ተማሪዬ እዚህ አገር መሐንዲስ ስትሆን፣ እኔ አስተማሪዋ ወንበር ስገፋ ታየኝ። ወይ ነዶ! አሥራ ስምንት ዓመት ያስተማርኩ ሰው በገዛ ተማሪዬ ቀናሁ።

ደብዳቤውን ዛሬ መርማሪው ሲያሳየኝ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። ፊርማው የእኔ አይደለም፤ እኔ እንዲህ አልፈርምም። የትምህርቱ ስም፣ ዓመቱ፣ የሠራችው የግድብ ጥናት፣ የውጭ ፈታኝ አለመምጣቱ ግን ሁሉም ልክ ነው። ከፊርማው ሌላ አንድ ስህተት አለ፤ እሱም ማርኩ ነው። ደብዳቤው 61 ይላል። ዛሬ ይዤ የመጣሁት መዝገብ፣ አራተኛው ገጽ ላይ፣ በእጄ ጽሑፍ 84 ይላል። ከክፍሉ አንደኛ ናት። ማርኳን ስላልነገርኳት ገምታ ጽፋለች፤ ስትገምትም ለራሷ ማለፊያ ያህል ብቻ ነው የሰጠችው።

መርማሪው ለምን ዝቅ ያደረገችው እንደሚመስለኝ ቢጠይቀኝ፣ ውሃ ጠይቄ ጠጣሁ። ከዚያም መዝገቡ ኮፒ ተደርጎ ለድርጅቱና ለዩኒቨርሲቲው እንዲላክ፣ እኔም ለሁሉም ሃያ ሦስት ተማሪዎች ደብዳቤ እንደምጽፍ አስመዝግቤአለሁ። ሰነዱን ይዤ በመውጣቴ የሚመጣብኝ ካለ ይምጣ።

ይህ ቃል በማውቀው ቋንቋ ተነቦልኛል። የጨመርኩት የለም፤ ከዚህ ቀደም የደበቅኩትንም ዛሬ አልደበቅኩም። እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ፤ ፊርማው የእኔ ነው፣ ልጅቷ በጠየቀችኝ ቀን መስጠት የነበረብኝ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ይርጉ ሀብተ ጊዮርጊስ
የመርማሪው ፊርማ፦ ካርሰን
የአስተርጓሚዋ ፊርማ፦ ማርያማዊት ተ.
አባሪ፦ አንድ የማርክ መዝገብ፣ 9 ገጽ፣ 23 ስም