የትርፍ አንጀቱ አራስ

«ሉሊትዬ፣ መቼም በዚህ በረዶ ካናል ዊንቸስተር ድረስ መንዳት... ግቢ፣ ማስክሽን አውልቂ፣ ሁላችንም ተከትበናል። ሻይ ላድርግልሽ?»

ማንያህልሻል ገና ከምትሠራበት ከግሮቭፖርት መጋዘን መግባቷ ነው፤ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ሉሊት የመጣችው የማንያህልሻልን ባል ልትጠይቅ ነበር። ባል ሆዬ ሶፋው ላይ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ ዓይኑን ጨፍኗል። መተኛቱን ግን ማንም አላመነም። ማንያህልሻል ድምጿን ከፍ አደረገች።

«አንድ የማውቀው ሰው አለ... እንዴት ያለ ጨዋ መሰለሽ! ትርፍ አንጀቱን በካሜራ አወጡለት። ሦስት ቀዳዳ ብቻ፤ አንዷ እምብርቱ ውስጥ ናት፣ ፈልገሽም አታገኛት። በማግስቱ ዲስቻርጅ አድርገው ወደ ቤቱ ሰደዱት። ዶክተሯ ‹ዎክ አድርግ፣ በሳምንትህ ትነዳለህ› አለችው። የዘንድሮ ሕክምና እኮ ጉድ ነው! ሰው ሳይታመም ሊድን ትንሽ ነው የቀረው... እሱ ግን ትሑት ነው፤ ድኛለሁ ብሎ አይኩራራም። ይኸው ወር አለፈው፣ አጥሚቱን ፉት እያለ ‹ኦፕራሲዮን እኮ ነው!› ይላል። እኔ ልጄን ሚካኤልን ሆዴን ሰንጥቀው ሲያወጡልኝ... ተይው፣ የኔማ ምን ኦፕራሲዮን ነው?

«ያወጡለት ትርፉን አንጀት ነው ብለውን ነበር። እንጃ... የሚራራውንም አብረው ሳያወጡት አልቀሩም።

«እኔም ሐሙስ ተራዬ ነው። ሐሞቴ ጠጠር ሞልቶ፣ ያው በካሜራ ሊያወጡት ነው። ባለፈው ወደ ቤት የሚመልሰኝ ሰው ጠፍቶ ካንስል አደረግኩት፤ ‹ነጂ ከሌለሽ አንነካሽም› አሉኝ። ደጅ ድራይቭዌዩ ላይ ሁለት መኪና ቆሟል... ምን ያደርጋል፣ መኪና ብቻውን አይሄድ! ሐሞቴን ለሰው መስጠት ቢቻል ደግሞ... ሐሞት ያነሰው ሰው አላጣም ነበር።»

ሶፋው ሲጥ አለ። ማንያህልሻል ሳቋን በሻይ ብርጭቆው ጋረደች። ሐሙስን ግን ከልቧ ፈርታዋለች፤ ሕመሙ ሲነሳባት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ተደግፋ ነው የምትቆመው። ሉሊት አፏን ልትከፍት ስትል እጇን ያዘቻት።

«‹እኔ እነዳልሻለሁ› እንዳትዪኝ! አንቺ ሐሙስ እሱ ሰውዬ ጋ ቁጭ በይለት፤ አራስ ብቻውን አይተውም። ገንፎውን ቅቤ አብዢበት። ስትገቢም ‹እንኳን ማርያም ማረችህ› በይልኝ... ልጁንም ታሳድግለት!»