ከአንድ ችካል የሚለካ ቀን

ለአጥሬ የሚሆን ትርፍ አሸዋ ካለ ልጠይቅ ብዬ ሰኞ ጠዋት ወደ አንድ ጅምር ሕንፃ ጎራ አልኩ። ፎርማኑ ሽማግሌ ነው፤ ድረ ገጽ የምትሠራው ሴት ልጁ ስልኳን ይዛ ፊት ለፊቱ ቆማለች። አዲስ ከፈሰሰው የአርማታ ጣሪያ፣ ከሶሌታው ሥር፣ ታናሽ ወንድሟ የመጀመሪያውን ድጋፍ እንጨት ሊነቅል መዶሻ አንሥቶ የአባቱን ቃል ይጠብቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሐንዲሱ አርማታው አሥራ አራት ቀን ሳይሞላው ድጋፉ እንዳይነካ አዟል። አርማታው የፈሰሰው ከባለፈው በፊት በነበረው ሳምንት፣ ማክሰኞ ሲመሻሽ ነው። አባት እንደ ልማዱ ያችን ምሽት አንድ ብሎ ጀመረና የዛሬዋን ጠዋት ጨምሮ በጣቱ አሥራ አራት ሞላ። ልጅቱ ቀን እንዲቆጥር የሠራችው ድረ ገጽ ግን አሥራ ሁለት ቀን ተኩል ይላል።

«ልጄ፣ እኔ በዚህ ሥራ ፀጉሬን አሸብቻለሁ። ስልክሽ አካፋ ጨብጦ ያውቃል?»

«አያውቅም አባዬ። ግን ታናሼም የተወለደው ሲመሻሽ ነው። በማግስቱ ጠዋት ጎረቤት ሲጠይቅህ ‹ሁለት ቀኑ› አልክ?»

ሽማግሌው ሳቁን ዋጠ። «አንድ ሌሊት ነው ያደረው።»

«ሲሚንቶም የሚጠነክረው በቆየበት ሰዓት ልክ ነው። ጣት አይቆጥርም።»

«እሺ፣ ገጽሽስ በምን ይቆጥራል?»

«አንተው እንዳስተማርከኝ። የሁለት ግድግዳ ርቀት ሲያወዛግብህ ሁለቱንም ከአንድ ችካል ትለካለህ። ጊዜም ችካል ተተክሎለታል፤ ኮምፒውተሮች ሁሉ መቁጠር የሚጀምሩበት አንድ የተወሰነ ቀን አለ። ገጹ ሁለቱም ቀኖች ከዚያ ችካል ምን ያህል እንደራቁ በሰከንድ ሺሕኛ ይለካል፤ ከዚያ አንዱን ከአንዱ ይቀንሳል። ወሩ ቢያጥር ቢረዝም ግድ የለውም።»

ሰከንድ ከሺሕ ቦታ ተከፍሎ አንዱም ሳይጠፋ መገኘቱን ስሰማ ተደነቅሁ። ጊዜን የፈጠረ አምላክ ለሰው ልጅ እስከዚህ እንዲቆጥር ፈቀደለት።

አባት ሶሌታውን አየ፤ ከሥሩ የቆመውን ልጁን አየ።

«ውጣ ከዚያ፣ የኔ ልጅ» አለው ቀስ ብሎ። «ረቡዕ ጠዋት እንነቅላለን።»

ረቡዕ ተመልሼ ሄድኩ። ድጋፉ ተነቅሎ ሶሌታው የፀጉር ያህል እንኳ አልተሰነጠቀም። ፎርማኑ ከእንግዲህ አርማታ በፈሰሰ ቁጥር ቀኑንም ሰዓቱንም ለገጹ እንደሚሰጥ ነገረኝ። የማንም ልጅ በግምት ሥር እንዳይቆም ነው። እውነትም ልማድ የሚከበረው ሰው እስካልጎዳ ድረስ ነው።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ልጁን ጠራት። «እስቲ እናትሽን ያገባሁበትን ቀን አስገቢ።»

አስገባችና ስልኩን ሰጠችው። ባርኔጣውን አውልቆ የቀኖቹን ቁጥር ደጋግሞ አየው።

«እግዚአብሔር ይህን ሁሉ ጠዋት ነው የሰጠን?» አለ።

እኔም የመጣሁበትን አሸዋ ሳልጠይቅ ወጣሁ።