ልብስ ሰፊው ዝም ማለት የተማሩበት ሰሞን

የስፖርት አስተማሪው የተተረተረ ሱሪውን ይዞ እግረ መንገዱን ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ ጎራ ሲል፣ አዛውንቱ ሠላሳ ዓመት የሞላት ልጃቸው በስፌት መኪና ስትሰፋ ራሷ ላይ ቆመው ነበር። «ወደ ግራ! ቀስ! ኧረ በሞቴ፣ ጨርቁን አትሳቢው!»

ሰላምታ ሊመልሱ ዘወር ከማለታቸው መስመሩ ተጣመመ።

«አየህልኝ? ለደቂቃ ዞር ስል! በአንዲት ስፌት እንኳ ዝም ብያት አላውቅም፤ ዓይኔን ግንባር ያርገው!»

«አባባ፣ በሌላ ማልልኝ» አለች ልጅቷ።

እውነቷን ነው። የአዛውንቱ አንድ ዓይን ጠፍቶ ሁለተኛውም እየደከመ ነበር፤ ሐኪሙም ተስፋ አልሰጣቸውም። እሱ ሳይጨልም አርባ ዓመት የኖሩበትን ሙያ ለልጃቸው ካላስያዙ ሱቁ መዘጋቱ ነው። ጭንቀታቸው ሁሉ ይኸው ነበር።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝና ጥፋቱ የእርስዎ ነው» አለ አስተማሪው።

«የኔ? ጉሮሮዬ እስኪደርቅ የማስተምረው ሰውዬ?»

«እኮ! እኔም ቅርጫት ኳስ ሳስተምር በየውርወራው እጮህ ነበር። እኔ ካለሁ ያገባሉ፣ ከሌለሁ ይስታሉ። ለካ የገዛ እጃቸውን ትተው የኔን አፍ ይጠብቁ ኖሯል! አሁን አምስት አምስቴ ወርውረው ስህተታቸውን ራሳቸው ይናገራሉ፤ እኔ የማርማቸው ከዚያ በኋላ ነው።»

«ስህተቱ እጇ ላይ ልማድ ሆኖ ቢቀርስ?»

«ጨርሰው ይተዋት አላልኩም። ጀማሪ ሳለች በየስፌቱ መንገርዎ ደግ ነበር። አሁን ግን አምስት መስመር ትስፋ፣ የቱ እንደተበላሸ እሷ ትንገርዎ፣ ከዚያ ያርሟት። ነገ እርስዎ ባያዩላት በማን ዓይን ልትሰፋ ነው?»

«እሺ፣ ከነገ ጀምሮ እሞክረዋለሁ» አሉ አዛውንቱ።

ዝም ማለት ግን እንዲህ ቀላል መሰላችሁ! በማግስቱ ስፌቷ ጭራሽ ባሰበት። «አላልኩም?» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ገጠሙት፤ ሦስተኛው መስመር ላይ አላስችል ቢላቸው ደጅ ወጥተው ቆሙ። አምስቱ ሲያልቅ ገብተው፣ «እህስ፣ የቱ ነው የተበላሸው?» አሏት።

«ሁለተኛው። ጫፉ ላይ ስደርስ ጨርቁን ሳብኩት።»

ልክ ነበረች። አዛውንቱ በደስታ ግንባሯን ሳሟት።

በሁለት ወሩ ያ የቀረው ዓይናቸውም ጠፋ። አስተማሪው ሊጠይቃቸው ሲመጣ ልጅቷ ብቻዋን ሸሚዝ እየሰፋች፣ እሳቸው አጠገቧ ተቀምጠው አገኛቸው።

«ልጄ፣ እውነትህን ነው» አሉት እጁን ይዘው። «እንደ ድሮዬ ብለፈልፍ ኖሮ ዛሬ ሁለታችንም ዕውር ነበርን። ሙያ ለሚያስተምር ሁሉ ንገርልኝ፤ ተማሪው መንገዱን ከያዘ በኋላ እርማቱን ያዘግይለት፤ ስህተቱን ራሱ መፈለግ ይልመድ። መጀመሪያ ቢያበላሽም አይደንግጥ፤ የኋላ ኋላ ብቻውን ይሠራል።»

የስፌት መኪናው ቆመ። ልጅቷ ከልማዷ የተነሳ፣ «አባባ፣ ኮሌታው እንዴት ነው?» አለች።

አዛውንቱ ፈገግ አሉ። «እኔ ምን አያለሁ? አንቺ ንገሪኝ።»

ኮሌታውን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው። «ግራው ትንሽ ወጥቷል። እፈታዋለሁ» አለችና መቀሱን አነሳች።