በጸበል የተዋጠ ኪኒን

ሥርጉት እንደ ወትሮዋ ጎሕ ሲቀድ ተነሣች። የግቢውን በር ከፈተች፣ ለዶሮዎቹ ጥሬ በተነች፣ ፊቷን ታጠበች። ቅዳሜ ስለነበረ ትምህርት ቤት አትገባም፤ ያም ሆኖ ፀጉሯን አበጥራ ጥቁር ሻሿን አሰረች። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይዛ ወደ አማቷ ክፍል ገባች። የሳንባ ነቀርሳ ኪኒን የሚዋጠው በባዶ ሆድ ነውና፣ የዚያ ቤት ጠዋት የሚጀምረው በዚህ ብርጭቆ ነበር።

አልጋው ተነጥፏል። ብርድ ልብሱ ታጥፏል። የኪኒኑ እሽግ ትራሱ ላይ ተቀምጧል። እትዬ በለጠች የሉም።

ወዴት እንደሄዱ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። ሰሞኑን “ጸበል ልግባ፣ ጸበል ልግባ” ሲሉ ከርመዋል፤ ኪኒኑንም የሚውጡት በግድ ነበር። ጸበሉ ከቡሬ ወዲህ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ያለ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ባሏ ስሜነህ፣ የእትዬ በለጠች አንድያ ልጅ፣ በዚሁ በሽታ ተይዞ እዚያው ጸበል ገባ፤ ኪኒኑን አቋረጠ፤ ሞተ። በፍኖተ ሰላም ከተማ ኬሚስትሪ የምታስተምረው ሥርጉት እሱን ከቀበረች ወዲህ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ረግጣ አታውቅም። አሁን የስሜነህ እናት በዚያው መንገድ ሊሄዱባት ነው። እሽጉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ መናኸሪያ ወረደች።

ጊዜው 1999 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥር ነበር። ሚኒባሱ ማንኩሳን አለፍ እንዳለ ጎማው ፈነዳ።

“ትርፍ ጎማ የለህም?” አለ አንድ ተሳፋሪ።

“አለኝ። እሱም ተንፍሷል” አለ ሹፌሩ ሳያፍር።

“እንግዲያ ጎማዎችህ ሁሉ ሱባዔ ገብተዋል በለና!” አሉ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ከኋላ ወንበር የወረዱ ሽማግሌ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሥርጉት አልሳቀችም።

ሽማግሌው መሪጌታ እንድሪያስ ነበሩ፤ በገበዝ ማርያም በኩል ወንበር ዘርግተው ቅዱሳት መጻሕፍትን ከነትርጓሜያቸው የሚያስተምሩ። ወዴት እንደምትሄድ ሲሰሙ፣ “እኔም ወደዚያው ነኝ። አቋራጩን አውቀዋለሁ፤ ነይ እንሂድ” አሏት። ስንዴ በሚወቃባቸው አውድማዎች መካከል ተያይዘው ሄዱ። የአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ከባሕር ዛፉ በላይ ብቅ ሲል መሪጌታ ቆመው አማተቡና እጅ ነሡ። እሷ እጇን አጣምራ ጠበቀቻቸው።

“ልጄ፣ ሃይማኖትሽ ሌላ ነው?”

“የለኝም፣ የኔታ። ነበረኝ።”

“ማን ወሰደብሽ?”

“ጥያቄ።”

“ኧረ ጥያቄ አይወስድም! እኛ ጉባኤ ቤት ጥያቄ የሌለውን ተማሪ እንቅልፋም ነው የምንለው። እስቲ አምጪው።”

የተማረ ሰው ካህናትን ሲጠይቅ ቁጣ ወይም ተግሣጽ ይጠብቃል። ሥርጉትም የጠበቀችው ይህንኑ ነበር፤ ስለዚህ የሚያስቆጣ መስሎ የታያትን አስቀደመች።

“አንዱ ወንጌል በኢያሪኮ መንገድ የተፈወሱት ዕውሮች ሁለት ናቸው ይላል። ሌላው አንድ ይላል። ተማሪዬ እንዲህ ሁለት መልስ ቢሰጠኝ ዜሮ ነው የምለው።”

“ሽምግልና ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ?”

“ሴትን ማን ያስቀምጣታል?”

“እሱስ የእኛ ጥፋት ነው” አሉ መሪጌታ ፈገግ ብለው። “እኔ ተቀምጫለሁ። ምስክሮች ቆመው ሁሉም ቃል በቃል አንድ ዓይነት ከተናገሩ፣ አንድ ቤት ተሰብስበው እንዳጠኑት እናውቃለን። አንዱ ‘ሁለት በሬ ማሳው ገባ’ ሌላው ‘የእንትና ቀይ በሬ ገባ’ ካለ ግን ሁለተኛው አልዋሸም፤ የሚያውቀውን በሬ ጠራ። ማርቆስም በስሙ የሚያውቀውን በርጤሜዎስን ጠራ። አባቶቻችን ማመሳሰል አቅቷቸው መሰለሽ? የሐሰት ነገር ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚያስተካክሉት ይህን ነበር። እነሱ ግን አራቱንም እንደተጻፉ አስተላለፉልን።”

“ይህ መልስ ነው” አለች ሥርጉት። “እኔን ያስኮረፉኝ ግን ዕውሮቹ አይደሉም።”

“አውቃለሁ። ሰው የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚጠይቀው ለመሞከሪያ ነው። ዋናውን አምጪው።”

እሷም ድምፅዋን ሳታነሣ፣ ክፍል ውስጥ እንደምታስረዳ ሆና ነገረቻቸው። “ባሌ መድኃኒት ጀምሮ ነበር። ደኅና እየሆነም ነበር። ጸበሉ ላይ ‘ኪኒንና ጸበል አይቀላቀልም፤ ኪኒን የዋጠ ሰው ጸበሉን አሳዘነ’ ተባለ። ኪኒኑ ወንዝ ውስጥ ተጣለ። ባሌን የገደለው መጽሐፋችሁ ነው፣ የኔታ።”

መሪጌታ ቀጥ ብለው ቆሙ። “ይህ የተጻፈው የትኛው መጽሐፍ ላይ ነው?”

“እኔ ምን አውቄ።”

“እኔም አላውቅም፤ ምክንያቱም የለም። ያለውን ልንገርሽ። ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት ታመመ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ፣ ጸለየ። እግዚአብሔርም ሰማሁህ፣ ዕድሜ ጨመርሁልህ አለው። ያንኑ ቃል ያመጣለት ነቢይ ቀጥሎ ምን አዘዘ? በለስ ጠፍጥፋችሁ ቁስሉ ላይ አድርጉለት አለ።”

“እግዚአብሔር አድንሃለሁ ካለው በለሱ ለምን አስፈለገ?”

“ይኸውልሽ!” የመሪጌታ ፊት በራ። “ተማሪዎቼም ጠፍረው የሚይዙኝ እዚህ ላይ ነው። አንድም፣ በለሱንም የፈጠረው እሱ ነውና በእጁ ሥራ ቢያድን ያዳነው ራሱ ነው። አንድም፣ በለስ ለቃሚውን፣ ጠፍጣፊውን፣ አስታማሚውን ሁሉ የምሕረቱ ተካፋይ ሊያደርጋቸው ወደደ። ሉቃስም እኮ ሐኪም ነበረ፤ ወንጌል ሲጽፍ መድኃኒትህን ጣል ያለው የለም።”

“ታዲያ ይህን ለምን አታስተምሩም?” አለች ሥርጉት፣ ድምፅዋ ጠንክሮ። “እናንተ ጉባኤ ቤት ተቀምጣችሁ ‘አንድም፣ አንድም’ ስትሉ፣ እዚህ ያልተማረ ሰው ሕዝቡን ይጨርሳል።”

ሽማግሌው ጃንጥላቸውን መሬት ላይ ተክለው አቀረቀሩ። መከራከር ይችሉ ነበር፤ አልተከራከሩም። “ይህ ጥያቄ አይደለም፤ ክስ ነው” አሉ። “ክሱን ተቀብያለሁ። ወሬው ደርሶኝ ነው ዛሬ የመጣሁት። ዘግይቻለሁ።”

ይህ ቃል ከመልሶቹ ሁሉ ይልቅ ልቧን ነካው። ስለዚህ ለማንም ያላወጣችውን አወጣች።

“መሬት ላይ ወድቄ ለምኜ ነበር። ለምን አልሰማኝም?”

“አላውቅም።”

ሥርጉት ቀና ብላ አየቻቸው።

“አላውቅም፣ ልጄ። ለዚህ አንድምታ የለኝም። ጌታ አልዓዛር መቃብር ዘንድ እንዳለቀሰ ግን አውቃለሁ። ሊያስነሣው እያወቀ አለቀሰ። ምክንያት አለውና ዝም በሉ ብሎ አልቃሾቹን አልገሠጸም። ሰው ከልቡ አፍልቆ አምላክ ቢፈጥር የሚያለቅስ አምላክ ይፈጥራል? እኔን የያዘኝ እዚያ ላይ ነው።”

“ማንን ቀብረው ነው?” አለች ቀስ ብላ።

“ባለቤቴን። እናኑ ትባል ነበር።”

አቋራጩን ጨርሰው ጸበሉ ደረሱ።

እትዬ በለጠች ከሕሙማኑ መካከል ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ደረታቸውን ይዘው ሲያስሉ አገኟቸው። ሥርጉትን ሲያዩ ፊታቸው ተቋጠረ።

“ያን መርዝ ይዘሽ እዚህም መጣሽ?”

“ስመ ክርስትናሽ ማነው?” አሉ መሪጌታ ጣልቃ ገብተው።

“ወለተ ኢየሱስ፣ የኔታ።”

“ወለተ ኢየሱስ፣ ጸበሉም የእግዚአብሔር ነው፤ መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ነው። አንዱ ሌላውን አይ…”

“አይበሉኝ!” እትዬ በለጠች ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ደፈኑ። “ስለ ማርያም እንዲህ አይበሉኝ! ይስማማል ካሉኝማ ልጄን ማን ገደለው? ከኪሱ አውጥቼ ወንዝ የወረወርሁት እኔ ነኝ። በእነዚህ እጆቼ! ይድንልኝ ብዬ! ይህን ከምሰማ ሞቴን ይስጠኝ።”

ለካስ አሮጊቷ ኪኒኑን የጠሉት በእምነት አልነበረም። በኪኒኑ ቢድኑ የልጃቸው ሞት በራሳቸው እጅ ላይ ሊወድቅ ነው። መሪጌታ ሥርጉትን ተመለከቱ። አሁን መልስ የሚጠበቀው ከእሷ ነበር።

ሥርጉት መሬት ላይ ተቀመጠች።

“አውቅ ነበር” አለች። “ስሜነህ ነግሮኛል።”

“እያወቅሽ ነው የምታስታምሚኝ?”

“እናቴን አደራ፣ እንዳትወቅሻት ብሎኝ ነበር። እስከ ዛሬ ያስታመምሁዎ ለአደራው ብዬ ነው። እናቴ ብዬ ጠርቼዎ አላውቅም፤ አፌ እምቢ አለኝ።” ጋቢያቸውን አስተካከለችላቸው። “ከዛሬ ጀምሮ ለእርስዎ ብዬ ይሁን። ይቅር ብዬዎታለሁ፣ እናቴ። ያን ጊዜ የጣሉት ሳያውቁ ነው። አሁን ያውቃሉ። ብቻዬን አይተዉኝ።”

አሮጊቷ እጃቸውን ከጆሯቸው አወረዱ። ብዙ አለቀሱ። ሥርጉት እሽጉን ከቦርሳዋ አወጣች፤ በጣሳ ከጸበሉ ቀዳች።

“እህል ቀምሰዋል?”

“ምነው ሳ፣ በልቼ ጸበል እጠጣለሁ ወይ!”

“ኪኒኑም የሚፈልገው ባዶ ሆድ ነው።”

“እንግዲያ እሱም ይጾማል ማለት ነው” አሉ መሪጌታ፣ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ።

ሥርጉት ጣሳውን ከመስጠቷ በፊት አማተበች። እትዬ በለጠች ኪኒኑን በጸበሉ ዋጡት።

መሪጌታ ያን ሰሞን እዚያው ሰንብተው የሕዝቅያስን ታሪክ ለሕሙማኑም፣ ለጸበሉ አስተናጋጆችም አስተማሩ። ዛሬ በዚያ ጸበል ኪኒንህን ጣል የሚል የለም፤ ሕመምተኛው መድኃኒቱን ይዞ ይመጣል፤ ጠዋት ጸበሉን ሲጠጣ አብሮ ይውጣል፤ ሳሉ የበረታበትን ወደ ጤና ጣቢያ የሚሸኙት ራሳቸው አስተናጋጆቹ ናቸው። በዚህም ብዙ እናቶች ወደ ልጆቻቸው ተመልሰዋል። እትዬ በለጠች መድኃኒታቸውን ጨረሱ፤ ሳሉ ተዋቸው፤ ሰውነታቸውም ተመለሰ። ሥርጉት ጥያቄዋን አልተወችም፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይዛው ወደ ገበዝ ማርያም ትወጣለች፤ መሪጌታም አንዳንዱን ይመልሱላታል፤ አንዳንዱን አላውቅም ይሏታል።

እሑድ እሑድ ሁለቱ ሴቶች አብረው አስቀድሰው ይመለሳሉ፤ ቁርስም አብረው ይበላሉ። ስሜነህ የለም።